የአረቄ ማሰሮና አልኬሚ

ጎጃም ውስጥ ጓሮ የሚጣደው የአረቄ ማሰሮ፣ ከአፉ የሚወጣው መቃና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የተዘፈዘፈው መቀበያ፣ አልኬሚስቶቹ፣ ተራ ብረትን ወርቅ ለማድረግ የሚሞክሩት የጥንት ጠቢባን፣ «አንቢቅ» ያሉት የማጣሪያ ዕቃ የቅርብ ዘመዶች ናቸው። አረቄ ራሱ ከዐረብኛው «ዐረቅ»፣ ከላብ፣ የመጣ ስም ነው። አልኮልና የዓይን ኩልም አንድ ሥር አላቸው፦ «አልኩሕል» መጀመሪያ የላመ የኩል ዱቄት ነበር፣ ኋላ ለማንኛውም ነገር ረቂቅ ክፍል ተሰጠ፣ በ16ኛው መቶ ዓመት ሐኪሙ ፓራሴልሰስ የወይንን መንፈስ ጠራበት።

ለጥንስሱ 1 እጅ የጌሾ ቅጠል ዱቄት ከ2 እጅ የብቅል ዱቄት ጋር ቀጠን ብሎ እስኪፈስ በውኃ ይበጠበጥና ተከድኖ 4 ቀን ገደማ ይቆያል። ከዚያ የዳጉሳ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል፤ ሌላ ከ5 እስከ 7 ቀን። ቂጣው መብረድ አለበት፣ በትኩሱ ከገባ እርሾውን ይገድለዋል። ድፍድፉ አየር እያገኘ ብዙ ከከረመ ደግሞ አልኮሉ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል።

አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደብረ ማርቆስ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ንጹሕ አልኮል በ71፣ ውኃ በ92 ገደማ ይፈላል። ድፍድፉ ቅልቅል ስለሆነ በሁለቱ መካከል ይፈላል፤ ጥበቡ ያለው እሳቱን ዝግ አድርጎ መያዙ ላይ ነው። እሳት ሲበዛ ውኃው አብሮ ይተንና አረቄው ይቀጥናል፣ አረፋው በመቃው ይገነፍላል፣ ወፍራሙ ድፍድፍ ሥሩ ያርና የጭስ ጣዕም ይሰጣል። ለዚህ ማረር አንዲት የእስክንድርያ አልኬሚስት፣ አይሁዳዊቷ ማርያም፣ ዕቃውን በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ ማሞቅን መፍትሔ እንዳደረገች ይነገራል፤ ስሟ ዛሬም «ባን ማሪ» በተባለው አሠራር በወጥ ቤት አለ። የማሰሮው አፍ በሊጥ በደንብ ካልተመረገ፣ ወይም የመቀበያው ውኃ ሲሞቅ ካልተቀየረ፣ ተኑ ይባክናል፤ እሳቱ ቅርብ ነውና ሊቀጣጠልም ይችላል።

የአልኬሚ ፍልስፍና ለአብነት ተማሪ እንግዳ አይደለም። መሬት፣ ውኃ፣ እሳት፣ ነፋስ የተባሉት አራቱ ባሕርያት ከነሙቀታቸው፣ ቅዝቃዜያቸው፣ ድርቀታቸውና ርጥበታቸው በቤተ ክህነት ትምህርት ይታወቃሉ። በአልኬሚስቱ በጃቢር ኢብን ሐያን ስም የሚታወቁት መጻሕፍት የእነዚህን ሚዛን በመለወጥ ብረትን ወርቅ ማድረግ ይቻላል ይላሉ፤ የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም የጋለን ሕክምናም በሽታን የሚዛን መዛባት ያደርገዋል። ሐኪሙ አልራዚ ዲንና ሜርኩሪን «መናፍስት» ብሎ የመደበው እሳት ስለሚያበናቸው ነው። ወርቁ አልተገኘም፣ ማጣራቱና ማንጠሩ ግን እስከ ዛሬ ዘለቀ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮይሲዬ እ.ኤ.አ. በ1789 የ33 ንጥረ ነገሮችን ዝርዝር ሲያወጣ የአራቱ ዘመን በኬሚስትሪ አበቃ።

ከመቃው መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አረቄ፣ አፍንጫ የሚወጋው፣ ይደፋ። ይህን መድፋት ግን መርዛማውን የአልኮል ዓይነት፣ ሜታኖልን፣ ሁሉ አያስወጣም፤ እስከ መጨረሻው አብሮ ይወርዳል። ከእህል የሚወጣው ጥቂት ነው፣ ዋናው አደጋ የፋብሪካ ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ ነው። አቀጣጥሎ ነበልባሉን ማየትም አያስለይም። ሜታኖል በጉበት ወደ ፎርሚክ አሲድ ይለወጥና የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ በማግስቱ ይመጣል። ፓራሴልሰስ መርዝን ከመድኃኒት የሚለየው መጠኑ ነው ያለው እዚህ ይታያል፦ ለሜታኖል መመረዝ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኤታኖል፣ የሚጠጣው አልኮል፣ ራሱ ነው፣ ጉበት እሱን ያስቀድምና ሜታኖሉ ሳይለወጥ ይቆያል። መጠኑ የሚወሰነው ግን በሐኪም ነው፤ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ሌላ መለኪያ ሳይቀዳለት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።