ከዓባይ በረሃ እስከ አዊ፦ ጭሱን ተከትዬ

የካቲት መጨረሻ ላይ ዓባይ በረሃን መውረድ ጭስ ውስጥ መግባት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስንጠማዘዝ የደጀን ማዶ በወጉ አይታይም ነበር። ገደሉ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ጠዋት ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ታች ስለሚተኛ ጭሱንም ይዞት ይቀራል። ማዶ እሳቱ መስመር ሠርቶ ሽቅብ ይወጣ ነበር። ዳገት ላይ እሳት ይፈጥናል፤ ነበልባሉ ከበላዩ ያለውን ሣር ቀድሞ ያደርቀዋላ።

"የሣር እሳት ነው" አለ ሹፌራችን። "ዝናብ ሲጥል ለከብቱ ለምለም እንዲወጣ ይለቁበታል።"

ማር ቆራጭም፣ ከሰል አክሳይም አለ። ብቻ ከሰው እጅ የማይነሳ እሳት በዚህ ወቅት እምብዛም ነው። ሣሩ በክረምት ይመለሳል። በሣሩ መሃል ገና አንድ ክንድ ያልሞላው የዛፍ ችግኝ ግን አይመለስም። በየዓመቱ የሚቃጠል ጫካ ትልልቆቹ ዛፎች እስኪሞቱ ደህና ይመስላል፤ ተተኪ ግን የለውም። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

ደብረ ማርቆስ አድረን ወደ ጮቄ ተራራ ወጣን። ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ብርድ፣ ጓሳ፣ ጅባራ። የጨሞጋም የሙጋም ወንዞች የሚነሱት ከዚህ ነው። ከብት የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ አገኘንና አስታው፣ ያ የደጋው ቁጥቋጦ፣ የት እንደሄደ ጠየቅኳቸው።

"ምን አስታ አለ ልጄ! ግማሹን መጥረቢያ፣ ግማሹን እሳት በላው።"

"እርጥቡም ይነዳል እንዴ አባቴ?"

"እርጥቡማ ይብሳል!"

አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ጥቂት ዓመት ከብትና እሳት ካልነካው ይመለሳል። ችግሩ ያ ጥቂት ዓመት አይሰጠውም። ሽማግሌው እንደነገሩኝ በእሳቸው ሰፈር ጓሳው በየተራ ይጠበቃል፣ በቀኑ ይታጨዳል። የታጨደ ሣር ደግሞ የሚያቃጥለው የለም። እኔ ከዚህ የተሻለ የእሳት መከላከያ አላውቅም።

እዚያው ጮቄ ረግረግ ላይ ቆሜ ኢንዶኔዥያን አሰብኩ። እዚያም ረግረግ አለ፤ በሺህ ዓመታት የተከማቸ ያልበሰበሰ የእፅዋት ቅሪት፣ አንዳንድ ቦታ ብዙ ሜትር የሚጠልቅ። ውሃው ውስጥ እስካለ አይነድም። ለፓልም ዘይትና ለወረቀት እንጨት እርሻ ሲባል ቦይ ተቆፍሮ ውሃው ሲፈስ ግን አፈሩ ራሱ ማገዶ ይሆናል። ኤልኒኖ ድርቅ ሲያመጣ ደግሞ ከመሬት በታች ለሳምንታት ይጨሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ 2.6 ሚሊዮን ሄክታር ተቃጠለ። የዓለም ባንክ ኪሳራውን 16 ቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። ጭሱ ባሕር ተሻግሮ ሲንጋፖርንና ማሌዥያን አፈነ። የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች ስለዚሁ ጭስ እ.ኤ.አ. በ2002 ስምምነት ፈርመው ነበር፤ ኢንዶኔዥያ ያጸደቀችው ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ከ2015ቱ እሳት በኋላ የተጀመረው ሥራ ቦዮቹን መድፈን ነው። ከአውሮፕላን ውሃ ከመርጨት ይልቅ ውሃውን ወደ መሬቱ መመለስ ማለት ነው። ገብቷቸዋል፣ ግን ዘግይተው።

ከዚያ አዊ። እንጅባራ አካባቢና ፋግታ ለኮማ ላይ ነገሩ ይለያል። ገበሬው በገዛ ማሳው ዲከረንስ የሚባል ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ይተክላል፣ በአራት በአምስት ዓመት ቆርጦ ያከስለዋል። ዛፉ የራሱ ስለሆነ ማንም እሳት አይለቅበትም። ኮረብታው አረንጓዴ ነው። ይሄን ሳይ ደስ አለኝ። ግን የከሰል ክምሮቹ በየማሳው ጥግ ሲጨሱ መንደሩ በሰማያዊ ጭጋግ ይሸፈናል። በጭሱ ውስጥ ያሉት ከ2.5 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ያነሱ ብናኞች ሳንባ ድረስ ይዘልቃሉ። ክምሯን ሌሊት ስትጠብቅ ያደረች እናት አግኝቼ ስታወራኝ ሳሉ አላስጨረሳትም። ክምሩ ከተሸነቆረ ከሰሉ አመድ ይሆናል፤ ስለዚህ ከአጠገቡ አይጠፉም። ሕፃኗም አብራት ነበረች።

በሴኔጋል ካሳማንስ የሚባል ክምር አለ። ከአሮጌ በርሜል የተበየደ የጭስ ማውጫ ይተከልበታል። ጭሱ ይቀንሳል፣ ከሰሉም ይበዛል። ይሄን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ "እህ፣ በርሜሉ ስንት ያወጣል?" የእርሻ ባለሙያዎቹ ይህችን ጥያቄ ይዘው ቢመጡላት እወዳለሁ።