ሞተር ይውረድ ሲሉኝ ሳላስወርድ ድምፁን እንዴት እንዳገኘሁት

አዲስ አበባ ላይ "ሞተሬ ይንኳኳል" ብሎ ጋራዥ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው "ብሮንዝ ነው" (ክራንኩ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የሚዞርበት ማረፊያ አልቋል ማለት ነው) ነው፣ ቀጥሎ ደግሞ "ሞተር ይውረድ"። እኔንም እንደዛ ነው ያሉኝ። መኪናዋ ኮሮላ ናት፣ 1.3፣ 2ኤንዜድ የሚባለው ሞተር ያላት፣ ነዳጅ ሲሰጣት ጠንከር ያለ ቲክ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ጀመራት። ጋራዥ ኮፈኗን ከፍተው ትንሽ ነዳጅ ሰጥተው ሰሟት፣ አንድ ፈጣን ሙከራ አደረጉና ወዲያው ፈረዱባት። ሞተር ማውረድ ማለት እኮ ብሩ ብቻ አይደለም፣ ደህና የነበረ ነገር ሁሉ ተፈቶ ይገጠማል፣ የተፈታ ሁሉ ደግሞ እንደነበረው አይመለስም። በቂ ምክንያት ሳይታየኝ እሺ ማለት ስላልፈለኩ መኪናዬን ይዤ ወጣሁ።

ሰፈራችን ጡረታ የወጡ መካኒክ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ድሮ ከባድ መኪና ላይ የሰሩ ናቸው። ሄጄ ስነግራቸው ኮፈን እንኳን አላስከፈቱኝም፣ "ልጄ፣ መቼ ነው የሚጮኸው?" አሉኝ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ቆሞ ነዳጅ ስትሰጠው ነው ወይስ ስትነዳ ብቻ? ዳገት ላይ ይብሳል? ፍሪሲዮን ስትረግጥ ይቀየራል? ኤርኮንዲሽን ስታበራስ? "ይሄን መልሰህ ና" ብለው ሸኙኝ። ከሁሉም ትምህርት የበለጠብኝ ይሄ ነው፣ ድምፅ መፈለግ የሚጀመረው በጆሮ ሳይሆን በጥያቄ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚጠፋ ድምፅ ብዙውን ጊዜ የካምቢዮ ወይም የፍሪሲዮን ጣጣ ነው፣ ማርሽ ዜሮ አድርገህ እየተንሸራተትክ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) እያለም ከጎማው ፍጥነት ጋር የሚሄድ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ወይም አክስል ነው፣ ሞተሩን ማውረድ ለእነዚህ ምንም አያረግላቸውም።

ለጥቂት ቀን እየተከታተልኩ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። የኔዋ ጠዋት ስትነሳ በጣም ትጮሃለች፣ ከሞቀች በኋላ ድምፁ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል፣ ዳገት ላይ ሳትሞቅ ከተጫነች ይብሳል። ይሄን ሳይ ነው ብሮንዝ መሆኑን መጠራጠር የጀመርኩት። ብሮንዝና ክራንክ መሀል የሚያስታርቃቸው ስስ የዘይት ሽፋን ነው፣ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ክፍተቱ የሰፋ ብሮንዝ ደግሞ ዘይቱ ሲቀጥን ይብስበታል እንጂ አይሻለውም። ድምፁም ቲክ አይደለም፣ ከታች የሚመጣ ደፈን ያለ ዷ ዷ ነው፣ በተለይ ነዳጅ ሰጥተህ በደቂቃ ወደ 2500 ዙር አካባቢ ስታደርሰውና ፔዳሉን ለቀቅ ስታረግ ጎልቶ ይወጣል።

ከዛ ጋሼ ጋር ተመልሼ ሄድኩና ስራ ጀመርን። መጀመሪያ ዘይት። ልኩ ላይ ነው፣ አልጎደለም። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል፣ ግን ዘይቱ ጎድሎ ሲንኳኳ ነዳጅ እየሰጠ የሚያዳምጥ ሰው ሞተሩን በገዛ እጁ እየጨረሰው ነው። ዳሽቦርድ ላይ ያለችው ቀይ የዘይት መብራት አልበራችምና ደህና ነው ማለትም አይቻልም፣ እሷ የምትበራው ግፊቱ በጣም ከወረደ በኋላ ነው፣ ከተጠራጠርክ የመብራቷን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ ማሰር ነው ያለው፣ እኛም አሰርነው፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ግፊቱ ደህና ነበር።

ቀጥሎ ቺንጋ። የዚህች ሞተር ካምሻፍቷ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በካቴና ነው የሚዞረው፣ ከውጪ ያለው ቺንጋ ደግሞ ዲናሞና ውሃ ፓምፑን የመሳሰሉትን ነው የሚያዞረው። ቺንጋውን አላልቶ አውጥቶ ሞተሩን ለአፍታ ማስነሳት ነው፣ ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ቺንጋው የሚያዞራቸው ዕቃዎች ጋ ነው። ውሃ ፓምፑ ስለማይዞር ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ ማስኬድ የለብህም፣ ሞተሩም ቀዝቃዛ ይሁን። እኛ ስናወጣው ለካ ከቲክቲኩ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሌላ እርርርር የሚል ድምፅ ነበር፣ እሱ ጠፋ፣ ቲክቲኩ ግን እንዳለ ቀረ። ዲናሞውን በእጃችን ስናዞረው ኩሽኔታው ሻካራ ሆኗል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፣ ሁለት ድምፅ አንድ ላይ ሲመጣ ጆሮ አንድ ትልቅ ችግር ነው የሚለው፣ ሶማሌ ተራ ወርጄ ኩሽኔታ ገዝቼ ካስቀየርኩ በኋላ የቀረው ድምፅ በጣም ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ከዛ ካቻቢቴ። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን የሞተሩ አካል ላይ አስደግፈህ እጀታውን ጆሮህ ጋ፣ ሀኪም ደረት እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። ከላይ የቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛው ክፍል) ክዳን፣ ከጎን ብሎኩን፣ ከታች ኮፓውን (የዘይት ገንዳውን)፣ ከፊት የካቴናውን ክዳን እየነካን ሄድን። ነጠላም ሆነ ሻርፕ፣ የላላ እጅጌም ሆነ የተንጠለጠለ ነገር ካለ ይውለቅ፣ የሚሽከረከር ነገር አጠገብ ነው ፊትህን የምታስጠጋው። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ችግር ይመስላል፣ ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ላይ ሲያስደግፉት ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ያ የስራቸው ድምፅ ነው፣ አራቱም እኩል ከሆኑ ተዋቸው። ኮፓው ጋ ጸጥታ ነው። ይሄ በጣም አስደሰተኝ፣ ብሮንዝ ቢሆን ኖሮ ከታች ነበር ጎልቶ የሚመታው። ቴስታታው አካባቢ ግን ቲክቲኩ አለ፣ ግን የሆነ ቦታ ላይ ነጥሮ አይወጣም፣ ሁሉም ጋ ትንሽ ትንሽ ነው።

አሁን ጥያቄው ቫልቭ ነው ወይ የሚለው ነበር። እዚህ ሞተር ላይ ቫልቩ በራሱ በዘይት የሚስተካከል አይደለም፣ ክፍተቱ ተለክቶ ነው የሚስተካከለው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር፣ ማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ነው። ከመክፈታችን በፊት ግን ድምፁን በስልኬ ቀዳሁትና ድምፅ ማስተካከያ አፕ ላይ አንድ ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ቆጠርኩ፣ በሚኒሞ ወደ 700 ዙር ሲሆን በሰከንድ ወደ 6 ይመታል። 700 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ ወደ 12 ነው፣ ስለዚህ ድምፁ በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚመጣው። ካምሻፍት ክራንኩ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ነው የሚዞረው፣ አንድ ሲሊንደርም በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚተኩሰው። ይሄ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ያለቀ ብሮንዝም ፒስተኑ ሲተኩስ ጠንከር አርጎ ሊመታ ይችላል፣ ግን ከሌላው ጋር ሲደመር ወደ ላይ እንድናይ አደረገን።

ጋራዥ ብሮንዝ ነው ሲሉኝ ያቀረቡት ማስረጃ የኮይል (ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ) ሶኬት ነቅለው የሞከሩት ሙከራ ነበር፣ ሁለተኛውን ሲሊንደር ሲነቅሉት ድምፁ ቀነሰ፣ "አየህ፣ ቢየላው ነው" አሉ፣ ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ክንድና ብሮንዙን ማለታቸው ነው። ሙከራው ትክክለኛ ነው፣ እሳት የማይደርሰው ሲሊንደር ፒስተኑን በኃይል ስለማይገፋ የላላው ብሮንዝ ዝም ይላል። (ስትሞክሩት ሞተሩን አጥፍታችሁ ንቀሉ፣ ብዙም አታስኬዱት፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያ) ያበላሻል።) ግን ይሄ ሙከራ አንድ ሌላ ነገርም ዝም ያሰኛል፣ እሱም ጭስ ማፍሰስ ነው። ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ማኒፎልድ ቴስታታው ላይ በሚያርፍበት ቦታ መሀል ያለው ማሸጊያ ጋስኬት ከተበሳ ከዛ ሲሊንደር የሚወጣው ጭስ በእያንዳንዱ ተኩስ በቀዳዳው ቲክ ብሎ ይወጣል፣ ሲሊንደሩ መተኮስ ሲያቆም ግፊቱ ይወርድና ድምፁም ይቀንሳል። ብረቱ ሲሞቅ ደግሞ ይለጠጥና ቀዳዳውን ይዘጋዋል፣ ለዛ ነው ጠዋት ጮሆ ከሰዓት ዝም የሚለው! ይሄ ሲገባኝ የጻፍኩት ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ።

ለማረጋገጥ ካቻቢቴ አይሆንም፣ የሚያፈስ አየር በብረት አይሰማም። ጎማ ቱቦ ያስፈልጋል፣ አንዱን ጫፍ ጆሮ ጋ ሌላውን በማኒፎልዱ ጠርዝ ጠርዝ ማስኬድ ነው፣ ሳይነካው፣ ጠዋት ገና ሳይሞቅ። ሁለተኛው ሲሊንደር ጋ ስንደርስ ቱቦው ውስጥ ጥፍ ጥፍ ጥፍ አለ። ጋሼ በወፍራም ጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለአፍታ አፈን ሲያደርጉት ድምፁ ባሰ፣ መውጫ ሲያጣ በቀዳዳው ነዋ የሚወጣው። ይሄን ደጅ ላይ ነው የምታደርጉት፣ በዝግ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም፣ ጭሱ ሽታ ሳይኖረው የሚገድል ጋዝ አለበት። የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮውን ስንፈታው ጋስኬቱ ጠርዝ ላይ ጥቁር የጥላሸት መስመር ተስሎ አየን፣ አንዱ ዳዶ በእጅ ነው የዞረው።

ብሎኖቹን ዝገት ማላቀቂያ ረጭተን አሳደርናቸው፣ እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ብሎኑን ቴስታታው ውስጥ ይሰብረዋል፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው ጣጣ ከጋስኬቱ አስር እጥፍ ነው። ማኒፎልዱ ሲወጣ ፊቱን ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስደግፈን መጣመም አለመጣመሙን አየን፣ ደህና ነው። አዲስ ጋስኬት፣ አዲስ ዳዶ፣ ከመሀል ወደ ዳር እያጠበቅን። በማግስቱ ጠዋት አስነሳኋት፣ ቲክቲኩ የለም። ይሄን ስጽፍ እንኳን ደስ ይለኛል።

መንገድ ላይ የተማርኳቸው ሌሎች ነገሮችም አሉ። ኮምፕረሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት) ሲለካ "ከማንዋሉ በታች ነው፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልቋል" ቢሏችሁ አትደንግጡ። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባህር ዳርቻውን ሶስት አራተኛ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ጤነኛ ሞተርም ጌጁ ላይ አንሶ ነው የሚታየው። አራቱን ሲሊንደር እርስ በርስ ማወዳደር ነው ዋናው፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ካነሰ ያኔ ይታሰብበት። በዚሁ ምክንያት እዚህ ከተማ ውስጥ የማይሰማ ድምፅ ቆላ ሲወርዱ ይመጣል፣ አዋሽ አካባቢ ከፍታው ወደ 1000 ሜትር ይወርዳል፣ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ አለ፣ በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ስትጫናት ቆሎ ሲንኮሻኮሽ አይነት ጥርርር የሚል ድምፅ ካሰማች ቤንዚኑ ያለጊዜው እየተቀጣጠለ ነው። ማርሽ ቀንሱ፣ ፔዳሉን ለቀቅ አድርጉ፣ የራዲያተሩን ሙቀት እዩ፣ ከቀጠለ ካንዴላው ትክክለኛው ቁጥር መሆኑን አስመርምሩ።

ዘይት ስትቀይሩ የድሮውን ፊልትሮ አትጣሉት፣ ቆርቆሮውን ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩት። የሚያብረቀርቅ ፍርፋሪ ካለ ያ ትልቅ ነገር ነው። ማግኔት ስላልሳበው ግን ደህና ነው አትበሉ፣ ብሮንዝ የሚሰራበት ማዕድን በማግኔት አይሳብም። የኔ ንጹህ ነበር፣ ጋሼም እሱን ካዩ በኋላ ነው በሙሉ ልብ "ይሄ ሞተር አይወርድም" ያሉት።

ድምፅ ለማጥፋት ብሎ ወፍራም ዘይት መሙላትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ለዚህ ሞተር ቀዳሚው ምክር 5ደብልዩ-30 የሚባለው ቀጭን ዘይት ነው፣ ወፍራሙ ድምፁን ያፍነዋል እንጂ የላላውን አያጠብቀውም፣ ጠዋት ደግሞ ላይ እስኪደርስ ይዘገያል፣ ያኔ ነው ካቴናውና ካምሻፍቱ በደረቁ የሚፋጩት። መኪና ሲሸጥ ይሄ ስለሚደረግ ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩ ሳይነሳ እንዲጠብቃችሁ ንገሯቸው፣ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ፣ ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ጠዋት ተመለሱ።

አሁን አንድ ድምፅ ቀርታኛለች፣ ጠዋት ስትነሳ ለአንድ ሰከንድ ክርርር ብላ ዝም የምትል፣ ከካቴናው ክዳን በኩል። ዘይቱ ግፊት እስኪይዝ የካቴና መወጠሪያው ስለሚላላ ይመስለኛል፣ የቪቪቲ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው) ማርሹም ሊሆን ይችላል። በየሳምንቱ እየቀዳሁ ርዝመቷን አወዳድራለሁ፣ እስካሁን አልጨመረችም። ከጨመረች ካቴናውን፣ መወጠሪያውንና የሚንሸራተትባቸውን ፕላስቲኮች አንድ ላይ ነው የማስቀይረው፣ ክዳኑ አንዴ ከተፈታ ለየብቻ መቀየር ሁለቴ መክፈል ነው፣ ለሱ የሚሆን ብር ከአሁኑ ለይቼ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ።