ውርጭ የማይበግረው ፉክሲያ

ፉክሲያ የተባለውን የአበባ ቁጥቋጦ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ይህ ለስላሳ ነገር ውርጭ ይችላል?» ብሎ ነው። ሁሉም ዝርያ አይችልም። እኔ አብዝቼ የምወደው ማጌላኒካ ግን ይችላል፤ የትውልድ ቦታው የቺሊና የአርጀንቲና ደቡብ ስለሆነ ብርድንና እርጥበትን ለምዶታል። ቀይና ወይን ጠጅ አበባው ቁልቁል ተንጠልጥሎ እንደ ጆሮ ጉትቻ ይወዛወዛል። በአገሩ የአበባ ዱቄቱን የምታዳርሰው ሃሚንግበርድ የምትባለው ትንሽ ወፍ ናት።

ዋናው ነገር አተካከሉ ነው። ችግኙን በዕቃው ውስጥ ከነበረበት ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጠለቅ አድርጌ እተክለዋለሁ። ላይኛው ግንድ በውርጭ ቢደርቅ እንኳ አፈር የሸፈነው ክፍል አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ውሃ የሚያቁር አፈር ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ እኔ ከብርዱ ይልቅ እርሱን እፈራለሁ።

በብርዱ ወራት የደረቁትን ቅርንጫፎች እባካችሁ አትቁረጡ! ለታችኛው ግንድ ከለላ ናቸው። ውርጩ አልፎ ቡቃያ ከሥር ብቅ ሲል ያን ጊዜ ያለ ስስት አሳጥሩ፤ አበባው የሚወጣው በዚያው ዓመት በበቀለው ቀንበጥ ላይ ስለሆነ የሚቀርባችሁ ነገር የለም።

የጠዋት ፀሐይ፣ የከሰዓት ጥላ፣ ሥሩ ዙሪያ ብስባሽ፤ ይህ ይበቃዋል። የቀንበጡ ጫፍ አብጦ፣ ተጨማዶና ቀልቶ ካያችሁ ግን በዓይን የማይታይ የሸረሪት ዘመድ የሆነ ተባይ ሊሆን ይችላልና ፈጥናችሁ የተጎዳውን ቁረጡ። የቆረጣችሁትንም አቃጥሉት እንጂ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ አትጣሉት።