ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ ላንድ ክሩዘሬን እንዴት እንዳደስኩት

አሮጌ ላንድ ክሩዘር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው ነገር ይታወቃል። ፖርቶ መጋላ፣ ከፍ ያለ ባሌስትራ፣ ሰፋፊ ጎማ፣ ጣሪያ ላይ የሚደረደር መብራት። እኔም እነዚህን ሁሉ እወዳለሁ። ገንዘቤንና ቅዳሜዬን መጀመሪያ ያዋልኩት ግን ማንም ቆሞ በማያያቸው ነገሮች ላይ ነው። ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽግ ጎማ)፣ የፍሬን ቱቦ፣ የራዲያተር ክዳን፣ ቤልት። መኪና በኪሎ ሜትር ብቻ አያረጅም፤ በዓመትም ያረጃል። ብረቱ ሠላሳ ዓመት ይችላል። ጎማና ፈሳሽ የሆነው ነገር ግን መኪናው ቆሞም ይበላሻል።

የእኔ ሃርድቶፕ ነው፤ 75 የሚባለው ሞዴል፣ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው። ይህ ሞተር በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። መፍቻና ትዕግስት ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ብዙውን ሥራ ይሠራዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ስለታገደ፣ በእጅ ያለን መኪና በወጉ መያዝ ከድሮው የበለጠ ዋጋ አለው።

ከሁሉ ቀድሜ የቀየርኩት ታይሚንግ ቤልቱን፣ ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር በጊዜ የሚያስማማውን ቀበቶ፣ ነው። ቶዮታ በ100,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ ይላል፤ ዳሽቦርዱ ላይም ለዚሁ የምትበራ መብራት አለች። አሮጌ መኪና ላይ ግን መብራቷን ማመን አይቻልም። ቆጣሪው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ከባለቤቶቹ አንዱ ቤልቱን ሳይነካ መብራቷን ብቻ አጥፍቶ ሊሆንም ይችላል። ሞተሩ እየሠራ ቤልቱ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪ ከባድ ነው። ስለዚህ መቼ እንደተቀየረ የሚነግርህ ሰው ከሌለ፣ ዛሬ ቀይረው። ሥራው ደግሞ ከሚፈራው በጣም ይቀላል። በዚህ ሞተር ቤልቱ የሚሄደው ከናፍጣ ፖምፓው ቫልቮቹን ወደሚከፍተው ካምሻፍት ነው፤ ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ክራንክ ሻፍት ከፖምፓው ጋር የሚያገናኘው ጥርስ ነው። የታችኛውን ትልቅ ፑሊ መፍታት አያስፈልግም። ምልክቶቹን ማገጣጠም፣ የመወጠሪያውን ኩሽኔታ አብሮ መቀየር፣ ከዚያ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሮ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን ማየት። ሳያዞሩ ቁልፍ ማስነሳት የለም።

ቀጥሎ የራዲያተር ክዳን። ብዙ ሰው ንቆ የሚያልፈው፣ እኔ ግን ለደጋ አገር መኪና ትልቅ ቦታ የምሰጠው ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባሌ ሳነቴ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ስትደርስ፣ ወደ 87 ይወርዳል። ሞተሩ ደግሞ በሥራ ላይ ከ80 ዲግሪ በላይ ነው የሚውለው። በመካከሉ ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ያንን ርቀት የሚያሰፋልን ክዳኑ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ተብሎ የተጻፈው የሚይዘው ግፊት ነው፤ በዚያ ግፊት ሳነቴ ላይ እንኳ ውሃው ሳይፈላ ከ110 ዲግሪ ያልፋል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግን ግፊቱ ሾልኮ ይወጣል። ያኔ ሰው ራዲያተሩን ያሳጥባል፣ ቴርሞስታቱን ይነቅላል፣ ጋስኬት ተቃጥሏል ይላል። መጀመሪያ ክዳኑን ቀይሮ ማየት ነው። እኔ ክዳኑን ከላይኛውና ከታችኛው የራዲያተር ቱቦ ጋር አንድ ላይ ቀየርኩ። የወጡትን ቱቦዎች ስጨምቃቸው ከውስጥ ይሰነጠቁ ነበር፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ደህና ነበሩ።

ፍሬኑም እንዲሁ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው። እርጥበት ሲጠጣ እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። በሞተር ካልያዝከው ፍሬኑ ይግላል፤ ውሃ የጠጣው ዘይት ይፈላል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ስለዚህ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስወጥቼ በአዲስ ተካሁት። ታናሽ ወንድሜ ፔዳሉን እየረገጠልኝ ከሩቁ ጎማ ጀምረን ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ አስተነፈስነው። የጎማ ቱቦዎቹንም አብሬ ቀየርኩ። ያረጀ የፍሬን ቱቦ ከውስጥ ያብጥና ዘይቱ እንዳይመለስ ይይዘዋል፤ አንዱ ጎማ ፍሬን እንደያዘ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ ፊት አክስሉ። በዚህ መኪና ከሁሉ የከበደኝም ከሁሉ ያስደሰተኝም ይህ ነው። ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ ያለች ክብ ብረት አለች፤ ጎማው የሚታጠፍባት። እሷ በዘይት ከራሰች የውስጡ ኦይል ሲል አልቋል ማለት ነው። የዲፈረንሺያሉ ዘይት በክቧ ብረት ውስጥ ወዳለው፣ ጎማውን ወደሚያዞረው ጆይንት ይገባና ግራሶውን ያቀጥነዋል። የቀጠነ ግራሶ ጆይንቱን አይጠብቅም፤ ዘይቱ ወደ ፍሬኑም ሊደርስ ይችላል። ይህን የሚያዩ ብዙዎች ከውጭ ጠርገው ያልፉታል። እኔ ከፍቼ አጸዳሁት።

አንድ ቅዳሜ ለአንድ ጎን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አትመኝ። መኪናው በክሪክ ብቻ መቆም የለበትም። ከሥር ወፍራም የብረት ድጋፍ ይግባ። የፊት ጎማውን ትልቅ ዳዶ ለመፍታት 54 ሚሊ ሜትር ልዩ መፍቻ ያስፈልጋል፤ በመዶሻና በመሮ የሚፈቱትን አይቻለሁ፣ ዳዶው ሁልጊዜ ይጎዳል። መፍቻውን ግዙ። ሾጣጣዎቹን ቀለበቶች ለማውጣት ደግሞ የነሐስ ዘንግ ተጠቅሞ ዙሪያውን መምታት ነው፤ ዘለው ይወጣሉ።

ሰፈራችን ያሉ አንጋፋ መካኒክ ሥራውን ሊያዩ መጥተው ነበር። ከላይና ከታች ካሉት ኩሽኔታዎች ጋር የሚገቡ ስስ የብረት ቅጠሎች ወጡ።

«ጋሼ፣ እነዚህ ለምንድን ናቸው?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እነሱን እንዳታቀላቅል። የላይኛው ላይ፣ የታችኛው ታች። ካቀላቀልካቸው አክስሉ ከመሃል ይወጣና አዲሱን ሲል መልሶ ይበላዋል።»

በሁለት የተለያዩ ጣሳዎች አስቀመጥኳቸው፤ «ላይ» «ታች» ብዬ ጻፍኩባቸው። ጆይንቱን በናፍጣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሞሊብዲነም ያለው ግራሶ ሞላሁት። ኩሽኔታዎቹንና ሲሎቹን በሙሉ አዲስ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ መሪው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ክቧ ብረትም ደረቅ ናት።

ሲል ቀይሮ መተንፈሻውን አለማየት ግን ሥራውን ግማሽ ማድረግ ነው። አክስሉ ላይ አየር የሚያስወጣ ትንሽ መተንፈሻ አለ። ጭቃ ከደፈነው፣ የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና በሲሎቹ በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት መስሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። ከፊትም ከኋላም ቀጭን የናፍጣ ቱቦ አስሬ እስከ ኮፈኑ ሥር ድረስ አወጣሁት። በመኪናው ላይ ካደረግኳቸው ማሻሻያዎች እጅግ ርካሹ ይህ ነው። ክረምት ላይ ወንዝ ለሚሻገር ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው።

መብራቱንም ትልቅ አምፖል ሳልገዛ አደመቅኩት። በእነዚህ መኪኖች ለፊት መብራቱ የሚሄደው ኃይል በሙሉ በአሮጌው ሽቦና በማብሪያው ውስጥ ያልፋል። በመንገዱ ቮልቴጅ ይጠፋል። ሃሎጅን አምፖል ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስበት ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ አወጣሁ፤ ፊውዝና ሪሌ (በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) ገጠምኩ። የድሮው ሽቦ አሁን ሪሌውን ብቻ ያዛል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። በዚህ መኪና ማብሪያው የሚቆርጠው ኔጋቲቩን ነው፤ ለሌላ መኪና የተሠራ ሥዕል ተከትሎ የገጠመ ሰው ግራ ይገባዋል።

ዕቃ ግዢውን በተመለከተ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ የማይገኝ ነገር ጥቂት ነው። ግን ደንብ አለኝ። ብረት ከሆነ፣ ያገለገለ የጃፓን ዕቃ ከአዲስ አስመሳይ ይሻለኛል። ጎማ ከሆነ ግን ያገለገለ በነጻም ቢሰጡኝ አልወስድም። ኩሽኔታ ስገዛ የወጣውን አሮጌ ይዤ ሄጄ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር አመሳክራለሁ። ሁሉም ዕቃ በእጅ ሳይገባ ደግሞ ቦሎን አይፈታም፤ እሁድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው።

የመኪና ጎማ ሲገዛም ዕድሜውን አንብቡ። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው ያለፈ ጎማ አዲስ ተብሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ። መጠኑን ግን አልቀየርኩም፤ 7.50 በ16 የሚባለው የፋብሪካው ልክ ነው። ትልቅ ጎማ ማርሹን ያከብደዋል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ በከፍታ ላይ አየር ስለሚያንሰው ያለውም ጉልበት ይቀንሳል። ጣርማ በር ዳገት ላይ በሁለተኛ ማርሽ የሚያለቅስ መኪና አልፈልግም።

አሁን የቀረኝ የባሌስትራው ቡሽ ነው። ከኋላ በኩል ጎማው ተበልቶ ብረት ብረትን እየነካ ነው፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ ይሰማል። ቡሾቹን ገዝቻለሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፖርቶ መጋላ እናወራለን።