የማን መሃል ነው?

የሕፃናት ክትትል ክፍል ስሠራ የገጠመኝ ነው። ዓመታት አልፈውታል፤ ትዝ ሲለኝ ግን ዛሬም ሆዴን ይበላኛል።

ያን ጠዋት ሰልፉ ረጅም ነበር። ቀድማ የገባችው የ6 ወር ሴት ልጅ ነበረች። 5.8 ኪሎ። ነጥቧን የዕድገት መከታተያ ካርዱ ላይ ሳስቀምጠው 3ኛው ፐርሰንታይል፣ የመጨረሻው የታችኛው መስመር ላይ አረፈ። ደነገጥኩ። እናትየው ድንጋጤዬን ፊቴ ላይ አየችው። ከዚያ ጥያቄ አዘነብኩባት። በቀን ስንት ጊዜ ጡት ታጠቢያታለሽ? ሌሊትስ? ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ሆና ማዳመጫዬን እየጎተተች ትስቃለች።

"3ኛ ማለት ከ100 ሦስት አገኘች ማለት ነው?" አለችኝ እናትየው።

"ዝቅተኛ ነው ማለት ነው" አልኳትና ቀጠሮ ሰጥቼ ሸኘኋት።

ቀጥሎ የ7 ወር ወንድ ልጅ ገባ። 8.3 ኪሎ። 50ኛው መስመር ላይ ቁጭ አለ። ደስ አለኝ። "መሃል ላይ ነው፣ ምንም አይልም" አልኳት እናቱን።

እሷ ግን አልተነሳችም። ካርዱን ትክ ብላ አየችና "ሲስተር፣ ይሄ መሃል የማን መሃል ነው?" አለችኝ።

ጥያቄዋን ወደድኩት። የምመልሰው ነበረኝ። መስመሮቹን የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳወጣቸው ነገርኳት። በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ወደ 8,500 የሚጠጉ ጤናማ ሕፃናት ተለክተው እንደተሠሩ፣ ልጆቹም ጡት የጠቡ እንደነበሩ አስረዳኋት። 50ኛው ማለት ግማሾቹ ከሱ ይከብዳሉ፣ ግማሾቹ ይቀላሉ ማለት ነው አልኳት። አንድም የተሳሳተ ነገር አልነገርኳትም።

"እሱስ ገባኝ" አለች። "የኔ ልጅ ግን በፊት ከዚህ መስመር በላይ ነበር።"

"ከ6 ወር በኋላ ልጅ ኪሎ የሚጨምርበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ አትጨነቂ።"

ይህም እውነት ነው። ግን መስመሮቹ ራሳቸው ያንን አስልተው ነው እየተጋደሙ የሚሄዱት። ጤናማ ልጅ ቀስ ሲል መስመሩም አብሮት ቀስ ይላል። ስለዚህ ያ መልስ ከመስመሩ ለወረደ ልጅ አይሆንም። ይህን ተምሬዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። በዚያች ሰዓት ግን አላሰብኩትም። በር ላይ ሰው ይጠብቃል፤ ኃላፊያችንም "ነጥቡን አስቀምጡና ቀጣዩን ጥሩ" የሚል ሰው ነበር። እናት ስትጨነቅ ልማዷ ነው ይል ነበር። እኔም ለምጄው ነበር።

ሴትየዋ ከወር በኋላ ልጁን ሌላ ቦታ ወሰደችው። 8.1 ኪሎ። እዚያ ሽንቱ ተመረመረ። ያለ ትኩሳት ሲጎዳው የቆየ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ተገኘበት። ታከመ።

ሲሻለው ይዛው እኔ ጋ መጣች። ለመውቀስ መስሎኝ ተሳቀቅኩ። እሷ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችውና ጣቷን ነጥቦቹ ላይ አስኬደች። ሲወለድ 3.9። በ4 ወሩ 7.9። ሁለቱም 85ኛው መስመር ላይ ናቸው። መስመሩን ይዞ ቢሄድ ኖሮ በ7 ወሩ 9.3 ይሆን ነበር። እኔ ምንም አይልም ያልኩት ልጅ 1 ኪሎ ጎድሎት ነበር።

"ያን ቀን የጠየቅኩሽ ይሄንን ነበር" አለችኝ። "የሱ መሃል እዚህ ነበር።"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

አሁን አፌን ከመክፈቴ በፊት የድሮዎቹን ነጥቦች በእስክሪብቶ አገናኛለሁ። ልጁን አስወልቄ፣ በዚያው ሚዛን እመዝናለሁ። በርግጥ ከመስመሩ የወረደ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ትልቅ ሆኖ የተወለደ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ሆኖ የተወለደ ከፍ እያለ የራሱን መስመር የሚይዝበት ጊዜ አለ። እኔ ግን የትኛው እንደሆነ እንኳ ለማየት ካርዱን ወደ ኋላ አላየሁትም።

ወንዱ ልጅ 1 ዓመት ሲሞላው 10.6 ኪሎ መዘነ። ነጥቡን እናቱ ራሷ አስቀመጠችው።

ያን ሰሞን የሴቷንም ልጅ መዝገብ አወጣሁ። ስትወለድ 2.4። በ2 ወር 4.0። በ4 ወር 5.1። በ6 ወር 5.8። አራቱም 3ኛው መስመር ላይ ናቸው፣ አንዱም አልወረደም። እናቷም ትንሽዬ ሴት ነበረች። 100 ጤናማ እኩዮቿ ከቀላሏ ጀምረው ቢሰለፉ ልጅቷ ሦስተኛ አካባቢ ትቆማለች፤ በቃ፣ ትርጉሙ ይኸው ነው። ሰልፍ ውስጥ ደግሞ ፊት የሚቆም ሁልጊዜ አለ።

በቀጠሮዋ ቀን አልመጣችም። መዝገቡ ላይ ያለው ስልክም አይሠራም። ልጇ ከ100 ሦስት አግኝታ እንደሆነ ጠይቃኝ ነበር፤ ሳልመልስላት ነው የወጣችው።