ባዝራዬን በጥቅምት አስጠቅቼ በጥር ለመጋለብ ያወጣሁት ዕቅድ

ድሬዳዋ ውስጥ ባዝራ (ሴት ፈረስ) ይዘን ለጥምቀት ግልቢያ የምናዘጋጅ ሰዎች ስንገናኝ የምናወራው ስለ ሩጫ ነው፤ ዘር ስለማስቀረት የሚያነሣ ጥቂት ነው። እኔ ግን ዳማዋ ባዝራዬ ዕድሜ ሳይጫናት እንድትወልድልኝ ስለፈለግሁ፣ ውድድሩን ሳላቋርጥ መቼ ላስጠቃት (ከድንጉላ፣ ማለትም ካልተኮላሸ ወንድ ፈረስ ጋር ላገናኛት) እንደሚሻል ከክረምቱ ጀምሮ ሳሰላ ቆይቻለሁ፤ የደረስኩበትን ለባልንጀሮቼ አካፍላለሁ።

ባዝራ በአማካይ 340 ቀን ያህል ታረግዛለች፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ዐሥራ አንድ ወር ከዐሥር ቀን ነው። ውርንጭላው ጡት እስኪጥል ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ወር ይፈጃል። ስለዚህ የቱንም ያህል ብንጠበብ አንድ ጥምቀት ማለፉ አይቀርም፤ ወሩ በደንብ ካልተመረጠ ግን የሚያልፈው ሁለት ይሆናል። በነሐሴ ብትጠቃ በመጀመሪያው ጥር የአምስት ወር እርጉዝ ናት፣ በሁለተኛው ጥር ውርንጭላዋ ገና ከሥሯ አልራቀም። ጥምቀትን ሮጣ በሚያዝያ ብትጠቃ በመጋቢት ትወልዳለች፣ ውርንጭላው በመስከረም ጡት ይጥላል፣ ለልምምድ የሚተርፋት ጊዜ አራት ወር ብቻ ይሆናል። በጥቅምት 10 ብትጠቃ ግን ጥር 11 ላይ እርግዝናው 91 ቀን ነው፤ መስከረም 15 ግድም ትወልዳለች፣ ውርንጭላው በመጋቢት ይለያል፣ ከዚያም እስከ ተከታዩ ጥምቀት ዐሥር ወር ሙሉ ይኖራታል። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ባዝራ ከአራተኛው የእርግዝና ወር በኋላ ወይም ውርንጭላ አስከትላ እንድትወዳደር አይፈቅድም፤ እኛን የሚጠይቀን ባይኖርም ልኩ አስተዋይ ስለሆነ ተቀብዬዋለሁ። ሌላው ጥቅም መኖ ነው፦ የምታጠባ ባዝራ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያስፈልጋት ጉልበት ከወትሮው ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ መስከረም ደግሞ ሣሩ የጠገበበት ወር ነው።

ቀኑ በክረምት በጣም በሚያጥርባቸው አገሮች ይህ ምርጫ የለም፤ ባዝራዎች በዚያ ወቅት ድራታቸው፣ ማለትም ወንድ የሚፈልጉበት ጊዜ፣ ይቆማል። በእኛ ሰማይ ሥር ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ፣ ሰውነቷ ካልከሳ በጥቅምትም ድራት ይመጣል። ዑደቱ 21 ቀን ያህል ነው፤ ድራቱ ራሱ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቆያል፣ እንቁላሉም የሚለቀቀው በመጨረሻዎቹ አንድ ሁለት ቀናት ስለሆነ በመጀመሪያው ቀን ተጣድፎ ማስጠቃት ትርፉ ድካም ነው። ባዝራዬ ድንጉላው በአጥር ማዶ ሲቀርባት ጅራቷን ወደ ጎን ጥላ፣ የኋላ እግሮቿን ከፈት አድርጋ ሽንቷን በጥቂት በጥቂቱ ስትለቅ ጊዜው እንደ ደረሰ ዐወቅሁ። ድንጉላውን አስቀድሜ በሐኪም ያስመረመርኩት በመጠቃቃት ስለሚተላለፈው ዱሪን ስለምሰጋ ነው፤ በሽታው በአርሲና በባሌ ደጋ የታወቀ ሲሆን ፈረስም ከዚያ ተገዝቶ ይመጣል።

በ15ኛው ቀን ግድም በአልትራሳውንድ ስትታይ አርግዛ ተገኘች፣ መንታም አልነበረም። መንታ በባዝራ ብዙውን ጊዜ ስለሚጨነግፍ ከ16ኛው ቀን በፊት ካልታየ ሐኪሙ አንዱን ለይቶ ለማስወገድ ይቸገራል። ቀን መቁጠር የሚያስፈልገው ከዚህም በኋላ ነው፤ ፅንሱ ከ35ኛው ቀን ካለፈ ወዲያ ቢወርድ ማኅፀን ውስጥ የተፈጠረው ሆርሞን አመንጪ አካል እስከ አራተኛው ወር ስለሚቆይ ባዝራዋ በቶሎ ወደ ደንበኛ ድራት አትመለስም፤ ዓመቱም በከንቱ ያልፋል።

አሁን ከባድ የሆነብኝ ሙቀቱ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች በኅዳርም የቀትሩ ፀሐይ አይናቅም፤ በሙቀት ውስጥ የሚሠራ ከባድ ልምምድ ደግሞ የሰውነቷን ሙቀት ከፍ አድርጎ ገና የተያዘውን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ሶምሶማውንም ሽምጡንም ጎህ ሲቀድ ጨርሼ፣ ኮርቻውን አውርጄ፣ በውኃ አቀዝቅዤ ትንፋሿ እስኪረጋ አዘዋውራታለሁ። ወደ ደንገጎ ዳገት የማወጣትን ልምምድ ትቼዋለሁ። ጉግስም ዘንድሮ የለም፤ ቀጥ ያለ ግልቢያ አንድ ነገር ነው፣ ከጎን የሚመጣ ፈረስ ሆዷን የሚመታበት ጨዋታ ሌላ።

መኖዋ ገብስ፣ ፉርሽካና ድርቆሽ ነው። የሐረርጌ ሰው ከብቱን የሚያኖረው በማሽላ ቢሆንም እኔ ለጋ ማሽላ አላስቀምሳትም፤ ያረገዘች ባዝራ ለጋ ማሽላ ስትግጥ ከቆየች የውርንጭላው መገጣጠሚያ ታጥፎ ሊወለድ ይችላል፣ እናቲቱንም ፊኛዋን ያሳምማታል።

የድንጉላው ባለቤት የሆኑት አዛውንት ገና ሳትወልድ ለሚቀጥለው ያስባሉ። «ልጄ፣ በወለደች በዘጠነኛው ቀን አምጣት፣ ያን ጊዜ ትይዛለች» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ከወለደች ከሳምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ የመጀመሪያው ድራት ይመጣል። ሆኖም በዚያ ብትጠቃ ተከታዩ ውርንጭላ በጳጉሜን ግድም ተወልዶ በጥምቀት ገና ጡት ላይ ስለሚሆን፣ በመስከረም አላመጣትም ብያቸዋለሁ።