ከኮምቦልቻ እስከ ላሊበላ፦ በየወቅቱ የምደግፈው ቡድን

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ የደረሰ ኳስ አፍቃሪ የሐረጎን ዳገት ለመውጣት ባይጣደፍ ይሻለዋል። ለደሴ የቀረው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ ከተጫነ ከባድ መኪና ኋላ ከገቡ የመጀመሪያው አጋማሽ ታክሲ ውስጥ ያልቃል። የእንግሊዝ ጨዋታ ሰዓትም በዓመት ሁለቴ ይዘዋወራል። የቅዳሜው ዋና ጨዋታ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ግድም በእኛ 11 ሰዓት ይጀምራል፤ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ 12 ይሆናል፤ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ደግሞ ወደ 11 ይመለሳል። ቻምፒየንስ ሊግም እንዲሁ ከምሽቱ 4 እና 5 ሰዓት ላይ ይዋልላል። በ2017 የ16ቱ ቡድኖች ጥሎ ማለፍ ረመዳን ላይ ስለዋለ ለወሎ ተመቸ፤ ተራዊህ ሰግዶ የወጣ ሰው ያለ ጥድፊያ ይደርስበታል።

የዲኤስቲቪ ቤት ስመርጥ ከስክሪኑ ስፋት በፊት ጄኔሬተሩን እጠይቃለሁ። እሱም ብቻውን አይበቃም። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ቶሎ ቢነሳም ዲኮደሩ እንደገና ተነስቶ ሲግናል እስኪያገኝ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ጎሉ የሚገባው ደግሞ ያኔ ነው። ዲኮደሩን ከባትሪ ጋር ያገናኘ ቤት ካለ እዚያ ይቀመጡ። ነሐሴ ላይ ሊጉ ሲጀምር ሌላ ጣጣ አለ፦ ከባድ ዝናብ የሳተላይቱን ሞገድ ስለሚውጠው ምስሉ ይቆራረጣል። ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኑን ያዞራል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ እንኳ ምስል የሚጠፋው በዚህ ነው። ሳይነኩ መጠበቅ ነው።

እኔ አርሰናል ነኝ፤ ከ2015 ጀምሮ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት ሁለተኛ ሲወጣ አይቻለሁ። ሰው ሁሉ ማንቸስተር ሲቲን ይወቅሳል፤ እኔ የምወቅሰው አቻውን ነው። በ2016 በ5 አቻ 89 ነጥብ ሰብስቦ ሲቲ በ2 ነጥብ በለጠው፤ ለዚያ ማንንም አልወቅስም። በ2017 ግን የተሸነፈው 4 ጨዋታ ብቻ ሆኖ 14 ጊዜ አቻ ወጥቶ በ74 ነጥብ ቀረ፤ ሊቨርፑል በ84 ዋንጫውን ወሰደ። ያለ ሽንፈት በተጨረሰው በ1996ቱ ዓመትም 12 አቻ ነበር፤ ያኔ ግን 26 ድል ነበረ። አጥቂ ግዙ የምለው ለዚህ ነው። የዩናይትድ ደጋፊዎች ሲስቁብን ዝም እላለሁ፤ የመጨረሻ የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫቸው የ2005 ነው።

ደሴ ሲደርሱ ሆጤ ሜዳን ሳያዩ አይለፉ። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ረጅም ኳስ ካሰቡት አልፎ ይሄዳል፤ የተጠመዘዘ ቅጣት ምትም እምብዛም አይታጠፍም። ከቆላ የመጣ ቡድን እዚህ ሲጫወት በረኛውን እዩት፤ ከሳጥኑ ቶሎ ካልወጣ ከኋላው የሚወድቀው ኳስ ያጠፋዋል። ከዕረፍት በኋላ ደግሞ የመስመር ተጫዋቾቹ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

ክረምት የሩጫ ነው። የፓሪሱ ማራቶን ነሐሴ 4 ቀን 2016 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተጀምሮ፣ በተጎዳው ሲሳይ ለማ ምትክ የገባው ታምራት ቶላ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ። ቁርስና ቡና ላይ የሚያልቅ ውድድር ነው፤ አርሰናልና ዩናይትድም የሚታረቁበት።

ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዱ ወልድያ ናት። የሼህ መሐመድ ሁሴን ዓሊ አል አሙዲ ስታዲየም ጥር 2009 ላይ ተመርቆ ከ25 ሺህ በላይ መቀመጫ ያለው ነው። ክለቡ ግን በ2010 ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደ ወዲህ አልተመለሰም። ሊጉም ከ2013 ጀምሮ ቡድኖችን በተመረጡ ከተሞች ሰብስቦ ማጫወት ስለያዘ፣ ወልድያ ቢያልፍ እንኳ በየሁለት ሳምንቱ ሜዳውን የመሙላት ዋስትና የለውም። በዚህ አሠራር ፋሲል በ2013፣ ንግድ ባንክ በ2016፣ መድን በ2017 ዋንጫ አንስተዋል፤ የቴሌቪዥን ምስሉ አምሯል፤ የክልል ደጋፊ ግን ከቡድኑ ተለየ። ፈረሰኞቹን (ቅዱስ ጊዮርጊስን) በሩቅ የሚደግፍ ወሎዬ ይህ ላይሰማው ይችላል። እኔ ከከፍተኛ ሊጉም (ከሁለተኛው እርከን) በታች ቢሆን ወልድያን በሜዳው ባየው እመርጣለሁ።

ታኅሣሥ ላይ የሚጓዝ ከወልድያ በጋሸና ዞሮ ላሊበላ ይውጣ። የገና ጨዋታ ዳር ቆሞ የሚታይ ሲመስል ሩሯ ድንገት ትመጣለች፤ በቆልማማ ዱላ የምትመታ ጠንካራ ኳስ ስለሆነች ቁርጭምጭሚት አትምርም። ከመቺው ፊት ለፊት ሳይሆን በጎኑ፣ ከፍ ካለ ቦታ ይቁሙ። ቡድን መምረጥ ቀላል ነው፤ የላይ ሰፈር ወይም የታች ሰፈር፣ እንዳደሩበት ነው።